ሦስት ጊዜ መሳም

ወይዘሪት ሊዲያ ቤታችን ስትመጣ የመጀመሪያ ሥራዋ በር መዝጋት ነበር። ኮቷን መስቀያው ላይ ታንጠለጥላለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ወንድሜን ራስትኮን እጁን ይዛ ወደ ትንሿ ክፍል ታስገባዋለች፣ ከዚያ በሩን ጠርቅማ ከውስጥ ትቆልፈዋለች። እኛ ውጪ እንቀራለን። እናቴ ያስና ኮሪደሩ ላይ እንደተተከለች ትቆያለች። እኔ ዱኒያ፣ የስምንት ዓመቷ ወሬኛ፣ ከእናቴ ጎን ቁጢጥ ብዬ ጆሮዬን በሩ ላይ እለጥፋለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነበር። ራስትኮ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ሲጮህ ግን የሳቫ ወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች ይሰሙታል እያለ አባቴ ይቀልድ ነበር። በጩኸቱ መሐል የሊዲያ ድምፅ ይመጣል፤ የተረጋጋ፣ ከፍም ዝቅም የማይል። "ና። ጎበዝ። ቁም። ጎበዝ። እጅ ወደ ታች። ጎበዝ።" ለእያንዳንዱ "ጎበዝ" አንድ ቁራሽ ብስኩት አለ። ለውዝ ያለበት ብስኩት ነው። እኔ ሳልጠየቅ ስንት ነገር ስታዘዝ ማንም ብስኩት ሰጥቶኝ ስለማያውቅ ነገሩ ትንሽ ይከነክነኝ ነበር።

"እያሠቃየችው ነው" አለች እናቴ አንድ ቀን ለአባቴ።

"እያስተማረችው ነው" አለ አባቴ ሚሎራድ። የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት ሲገባ የሚፈልገው ሾርባና ጸጥታ ነው። "ሐኪሙ ምን አለን? ኦቲዝም ነው፣ የባህርይ ሕክምና ያስፈልገዋል አለን። ስንት ሰው አስቸግረን ከቤልግሬድ ድረስ የምትመጣ ሰው አገኘን። አሁን ደግሞ ለምን ያለቅሳል ትያለሽ። ጥርሱን የሚነቀል ልጅ አያለቅስም?"

"ጥርሱን ሲነቀል እናቱ እጁን ትይዘዋለች።"

"ያስና፣ ተያት ትሥራ በቃ።"

እኔ በልቤ ከአባቴ ጋር ነበርኩ። ምክንያትም ነበረኝ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ጋሼ ስሬተን የራስትኮ የክርስትና አባት ናቸው። በሚቀጥለው መስከረም ራስትኮ ትምህርት ቤት ይግባ አይግባ የሚወስኑት እሳቸው እንደሆኑ ከትልልቆቹ ወሬ ለቃቅሜአለሁ። በወረቀት ላይ የሚወስን ኮሚቴ እንዳለ አሁን አውቃለሁ፤ በእኛ ከተማ ግን ኮሚቴ ማለት ጋሼ ስሬተን ነበሩ። "በሚካኤል ቀን ልየው" ብለውት ነበር አባቴን። "ከሰው ጋር መቀመጥ ከቻለ፣ የመጣውን ሰው በወጉ ሰላም ማለት ከቻለ እኔ አለሁ። ካልቻለ ግን እንግዲህ..."

ከ"እንግዲህ" በኋላ ያለውን ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። "ያ ቤት" ይሉታል። ሩቅ ነው፣ በአውቶቡስ ነው የሚኬደው፣ የብረት በር አለው፣ እዚያ የገቡ ልጆች እዚያው ያድራሉ። የአባቴ እናት እማማ ዴሳንካ ስሙ በተነሣ ቁጥር ያማትባሉ። እኔም እሳቸውን አይቼ አማትባለሁ። ስለዚህ ነገሩ በኔ ጭንቅላት እንዲህ ቁጭ ብሏል፦ ራስትኮ በሚካኤል ቀን እንግዶቹን ሁሉ ከሳመ ከኛ ጋር ይኖራል፤ ካልሳመ የብረቱ በር ይዘጋበታል።

መሳም ደግሞ ከእኛ ዘንድ ሦስት ጊዜ ነው። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ራስትኮ አንዱንም አይችልም። እማማ ዴሳንካ ድንገት ሲያቅፉት ልብሱ በእሳት የተያያዘ ይመስል ይወራጫል። የሚወደው የብልቃጥ ክዳን ነው። የተፈጨ ቃሪያ የምናስቀምጥባቸውን ብልቃጦች ክዳን ሰብስቦ ምድጃው አጠገብ ይደረድራል፣ አንድ በአንድ ያሾራቸዋል፣ ሲሾሩ ጉንጩን መሬት ላይ አድርጎ ያያቸዋል። ከዚያ ቦታ ማንም አንሥቶት አያውቅም ነበር፤ ሊዲያ እስክትመጣ።

ሊዲያ መዳፏን ዘርግታ "ና" ስትል ክዳኖቹን ጥሎ መምጣት ጀመረ። እኔም ሞከርኩት። መዳፌን ዘርግቼ "ና" አልኩት፤ መጣ። ከጓሮ ጠራሁት፤ መጣ። ጓደኛዬም ጠራችው፤ መጣ። ፖስታ አመላላሹ ለቀልድ እጁን ቢዘረጋ ወደ እሱም ሄደ። በሳቅ ሞትን። አስማት ነበር የመሰለኝ። ዛሬ መንገድ ላይ ሰው ለልጅ እጁን ሲዘረጋ ባየሁ ቁጥር እርምጃዬን ገትቼ አያለሁ፤ ያኔ ግን እንደዚያ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ኅዳር ሲቃረብ ከተዘጋው በር ኋላ ያለው ጩኸት ወደ ልቅሶ ወረደ፤ ልቅሶው ማላዘን ሆነ፤ በመጨረሻም ጸጥ አለ። እኔ ደስ አለኝ። እናቴ ግን ጸጥታውን ስትሰማ ፊቷ አመድ ይሆናል። ሲጮህ ታለቅሳለች፣ ዝም ሲል ትደነግጣለች፤ ይቺን ሴትዮ ምን ብንሆንላት ነው ደስ የሚላት እያልኩ እነጫነጭ ነበር።

ከሚካኤል ዝክር በፊት በነበረው ሳምንት ሊዲያ ሥራዋን ጨርሳ ወጥ ቤት ገባች። እናቴ ሥጋ የሚጠቀለልበትን የጎመን ቅጠል በቢላዋ እየለየች ነበር። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች እናቴ። "እዚያ ውስጥ ሲደክመው፣ ወይ ሲያመው፣ ይብቃኝ ማለት ሲፈልግ በምን ያሳውቅሻል?"

ሊዲያ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሲጠይቋት ደስ ይላታል። "መጀመሪያ ላይ ይጮህ ነበር፣ ይጋደም ነበር፣ ይነክስ ነበር። አሁን ያንን ሁሉ አጥፍተነዋል።"

"ጠፍቶ በምን ተተካ?"

"በምንም። እሺ ይላል።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ። ውጤት የምልሽ እኮ እሱን ነው፣ ያስና።"

"አንድ ቀን ገብቼ ልይ። ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ትንፍሽ አልልም።"

"እናት ከገባች ልጁ ይሞላቀቃል። የለፋንበት ሁሉ ገደል ይገባል። ቀኑ ደርሷል፤ እመኚኝ።"

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። ቀንታ ነው አልኩ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ። ለሊዲያ ይታዘዛል፣ ለእሷ አይታዘዝም፤ ከዚህ በላይ ምን ያስቀናል? ልጃቸውን ለባህርይ ሕክምና የሚሰጡ ወላጆች ማንንም ሳያፍሩ በመጀመሪያው ቀን ሊጠይቁት የሚገባው ይህንኑ ጥያቄ እንደሆነ፣ ክፍሉም እንዲከፈትላቸው መብታቸው እንደሆነ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እናቴን ያስተማራት አልነበረም። የሚጠይቅ ሰውም በዙሪያዋ አልነበረም፤ ሁላችንም በውጤቱ ጮቤ እየረገጥን ነበር።

የሊቀ መላእክት ሚካኤል ቀን የቤታችን ዝክር ነው። ስላቫ እንለዋለን፤ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ። በዚያ ቀን በራችን አይቆለፍም። ማንም አይጠራም፤ የሚመጣ ይመጣል። የመጣውን ሰው ማን ነህ፣ የማን ወገን ነህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ገብቶ፣ የተቀቀለውን ስንዴ ቀምሶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ጨዋታ ሲመጣ ራሱ ይናገራል። ሳይታወቅ መጥቶ ሳይታወቅ የሚሄድም አለ።

አባቴና ጋሼ ስሬተን ዳቦውን በአራት እጅ ይዘው አዞሩት፣ ወይን አፈሰሱበት፣ ቆርሰው ሳሙት። ትልቁ ሻማ ይነዳል። ቤቱ ጢም ብሏል፤ የሰው ትንፋሽ፣ የጥብስ ሽታ፣ የፕለም አረቄ። ሊዲያን አየኋት። ምድጃው አጠገብ ቆማ መዳፏን ዘረጋች።

"ና።"

ራስትኮ በነጭ ሸሚዙ መጣ።

"ቁም።"

ቆመ። ጋሼ ስሬተን ጎንበስ ብለው ጉንጩን ሳሙት። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። አልጮኸም። እጆቹ ከጎኑ ተንጠልጥለዋል። እማማ ዴሳንካ ሳሙት። አጎቶቼ ሳሙት፣ ጎረቤቶች ሳሙት፣ ከዚያ ጥግ ይዘው የተቀመጡ የበግ ቆዳ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌም ተነሥተው ሳሙት። ሊዲያ በየመሐሉ ብስኩት ታጎርሰዋለች። ሴቶቹ በመሐረብ ዓይናቸውን ያብሳሉ። እማማ ዴሳንካማ እንባቸው እስከ አገጫቸው ወርዷል። "አያቱን ሳመ" ይላሉ ላየ ሁሉ፤ የሳሙት እሳቸው ሆነው ሳለ።

እኔ ከሁሉም አጭር ስለሆንኩ ፊቱን ፊት ለፊት ነበር የማየው። ዓይኑ ሻማው ላይ ተተክሏል፤ አይርገበገብም። የታችኛው ከንፈሩ ላይ ደም ነበረ። ስንዴውን ሲበላ ነክሶት ነው አልኩ።

"ይሄ ልጅ ትምህርት ቤቴ ይገባል" አሉ ጋሼ ስሬተን ብርጭቋቸውን አንሥተው። "አለቀ።"

አባቴ አቀፋቸው። ሊዲያ ቀልታ መሬት መሬት አየች። እኔ የብረቱ በር ከላዬ ላይ ተነሣልኝ፤ ወደ ኬኩ ሄድኩ። ዞር ብዬ እናቴን ሳያት ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አታለቅስም፣ አትስቅም። በዛሬ ቀን እንኳ ፊቷን አኮሳትራ ስላየኋት ተናደድኩባት።

ዘፈን ተጀመረ። ሰው ወጣ ገባ ይላል። ኬኬን ሳልጨርስ እናቴ ትከሻዬን ያዘች።

"ራስትኮ የታለ?"

"ሊዲያ ጋ።"

ሊዲያ ከወይዛዝርቱ መሐል ቀና አለች። "እናንተ ጋ ነው ብዬ..."

ትንሿ ክፍል የለም። አልጋ ሥር የለም። ጓሮ የለም። ክዳኖቹ ምድጃው አጠገብ እንደተደረደሩ ናቸው። ጫማውና ካፖርቱ በሩ ሥር አሉ። እናቴ ጫማውን አንሥታ ያዘችው።

"እዚያ ጥግ የነበሩት ሽማግሌስ?" አለ አንዱ ጎረቤት። "ባለ ቆቡ?"

"ያስና፣ አጎትሽ የት ሄዱ?" አለ አባቴ።

"የኔ አጎት? ከጋሼ ስሬተን ጋር የመጡ አይደሉም እንዴ?"

"እኔ ዛሬ ነው ያየኋቸው" አሉ ጋሼ ስሬተን። "የሚሎራድ ዘመድ መስለውኝ ቦታዬን ለቀቅሁላቸው።"

ዘፈኑ ቆመ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። በዚያ ቤት ውስጥ እኚያን ሰው የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ነውር ነውና ማንም ማን ነዎት አላላቸውም።

እናቴ በቤት ጫማዋ ወጣች። አባቴ ተከተላት፤ እኔ አባቴን ተከተልኩ፤ ማንም ተመለሽ አላለኝም። ሊመሽ ነው፤ ከወንዙ የተነሣው ጭጋግ መንገዱን ሞልቶታል። አባቴ "ራስትኮ! ራስትኮ!" እያለ ይጣራል። ስሙን ሲጠሩት መልስ የማይሰጥን ልጅ በስሙ መጥራት ዋጋ እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱ ግን ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም። እናቴ አትጣራም። ትሮጣለች ብቻ። ሰው ባየች ቁጥር "ሸሚዝ ብቻ የለበሰ ልጅ" ትላለች። የዳቦ ቤቱ ሴትዮ እጇን ወደ ወንዙ ጠቆመች። "ከአያቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲሄድ አየሁት። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው" አለች።

ወደ ወንዙ። እኔ ያኔ የፈራሁት ውኃውን ነው። እናቴ የፈራችው ሌላ ነገር እንደነበረ፣ ያንንም በአፏ ልትጠራው እንዳልደፈረች ዛሬ ልጅ ካለኝ በኋላ ነው የገባኝ።

ጀልባዎች የሚታሰሩበት የድንጋይ ደረጃ ላይ አገኘናቸው። ሽማግሌው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንገታቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ አንቀላፍተዋል። አረቄ አረቄ ይሸታሉ። ራስትኮ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። እጁ በእጃቸው ውስጥ ነው። የታችኛውን ደረጃ ወንዙ ሸፍኖታል፤ ካልሲው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውኃ ውስጥ ገብቷል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢል ደረቅ ነበር፤ አንድ ወደ ጎን ቢል ደግሞ ሳቫ። አልተንቀሳቀሰም። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። አያለቅስም።

አባቴ ሽማግሌውን ኮታቸውን ይዞ አነሣቸው። ደንግጠው ነቁ። "ምን አደረግሁ? መርከብ ላሳይህ ና አልኩት፤ መጣ። ትንሽ አረፍ ልበል ቁም አልኩት፤ ቆመ። እምቢ አላለኝም እኮ።"

በኋላ እንደተሰማው ሽማግሌው ምንም ክፋት የሌላቸው ሰው ነበሩ። ከእኛ አራት ቤት አልፎ ያለ፣ እንደኛው ሚካኤልን የሚዘክር የእህታቸው ልጅ ቤት ሊሄዱ መጥተው በር ተሳስተዋል። ጠጥተው ሲሞቃቸው የጠፋባቸውን መንገድ ረስተው ልጅ ይዘው ሽርሽር ወጥተዋል። ከተማው ለዓመታት ሳቀበት። እናቴ አንድም ቀን አልሳቀችም።

ያን ጊዜ እናቴ ሽማግሌውን ዞር ብላ አላየቻቸውም። የራስትኮን ጣቶች አንድ በአንድ ከእጃቸው አላቀቀች፣ ልጁን በቀሚሷ ጠቅልላ አነሣችው፣ ቤት ድረስ ተሸክማው መጣች።

እንግዶቹ በር ላይ ተሰብስበው ነበር። "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል ሁሉም። ሊዲያ ሰዉን ጥሳ መጣች፤ እያለቀሰች ነው። ልታጽናናው መዳፏን ዘረጋች።

"ና ራስትኮ። ና።"

ራስትኮ በእናቴ ክንድ ውስጥ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። መዳፏን ሲያይ ግን ገና ያልሞቀውን እግሩን ወደ መሬት ዘረጋ። ከእናቴ እቅፍ ሊወርድ፣ ሊሄድ፣ ሊቆም ጀመረ።

"እጅሽን ሰብስቢ" አለች እናቴ።

"ያስና፣ እኔ እኮ..."

"እጅሽን ሰብስቢ። ከዚያ ኮትሽን ይዘሽ ውጪልኝ።"

ቤቱ ክው አለ። በዝክር ቀን እንግዳ ማስወጣት! እማማ ዴሳንካ አማተቡ። "በሚካኤል ቀን?" አሉ በሹክሹክታ። አባቴ "አብደሻል? የልጁን ዕድል ነው የምትዘጊው" አላት። ጋሼ ስሬተን "ያስና፣ እንግዳ እኮ ናት፤ ተይ፣ ነገ ይደርሳል" አሉ።

"ነገ አይደርስም፣ ጋሼ ስሬተን። የዛሬው ይበቃናል።"

ሊዲያ ኮቷን ይዛ ወጣች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። አጭር ሥልጠና ወስዳ፣ ልጅ ዝም ካለ ተማረ ማለት ነው ብለው ነግረዋት፣ እሷም አምናቸው ነበር። ያን ቀን ግን እኔ ያየሁት እናቴ በቅናት ተነሥታ የወንድሜን ትምህርት ቤት በሰው ፊት በገዛ እጇ ስትዘጋ ነው። አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ጠላኋት። እንዲህ ነው መባል ያለበት፤ ጠላኋት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠዋት ስነሣ እናቴ የራስትኮን ልብስ ተኩሳ ቦርሳ ውስጥ እያጣጠፈች ነበር። ክዳኖቹንም በጨርቅ ጠቅልላ ከላይ አደረገች። በቃ አልኩ፣ ወደ ብረቱ በር ነው። ቦርሳው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

"ተነሺ ዱኒያ፣ አውቶቡስ ያመልጠናል።"

"አይሄድም!"

"ማታ እንመለሳለን እኮ፣ አንቺ ልጅ።"

አላመንኳትም። ትምህርት ቤት ሳልሄድ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተለጥፌ ዋልኩ። ሲመሽ ራስትኮን አዝላ ከአውቶቡስ ስትወርድ ሳያት በእግሬ ሥር መሬት የተመለሰልኝ መሰለኝ። የሄደችው ኖቪ ሳድ የሚባል ከተማ ነበር። እዚያ በዚሁ በባህርይ ሕክምና የሚሠራ ጎይኮ የሚባል ሰው እንዳለ ሰምታ አሠራሩን በዓይኗ ልታይ ነበር የሄደችው። በኋላ እንደነገረችኝ የሥራ ክፍሉ በር እንደሌለው ስታይ ግማሹን ወስናለች።

ጎይኮ ግዙፍ ነው፤ ሁልጊዜ ጉንፋን አለበት። መጀመሪያ ቀን እኛ ቤት ሲመጣ ቀጥታ ሄዶ ምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ተጋደመና ጉንጩን ወለሉ ላይ አድርጎ የክዳኖቹን መሾር አየ። ለረጅም ጊዜ ሌላ ምንም አልሠራም። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ "ይሄም ሕክምና ያስፈልገዋል እንዴ?" አለኝ በጆሮዬ።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ብስኩቱ ያው ብስኩት ነው። "ጎበዝ" ያው "ጎበዝ" ነው። ትንሽ ትንሹን ቆራርሶ ማስተማርም ያው ነው። ግን በሩ ክፍት ነው፣ እናቴም ከጎኑ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የመጀመሪያው ትምህርት ደግሞ ሌላ ነበር። ጎይኮ ራስትኮ የሚጠላውን እርጥብ ስፖንጅ ያቀርብለታል። እናቴ የራስትኮን መዳፍ ይዛ ስፖንጁን ወደ ኋላ ታስገፋዋለች። ጎይኮ "እምቢ! እሺ፣ ወሰድኩት" ብሎ ስፖንጁን ወዲያው ከፊቱ ያጠፋዋል። ደግሞ ያመጣዋል። ደግሞ "እምቢ!" ደግሞ ይወስደዋል። የብርዱን ወራት በዚህ አሳለፍነው።

"የሰው ልጅ እሺ ማለት ይማራል፤ የኔ ልጅ እምቢ ማለት" ይላል አባቴ።

"እሺውን እንማረዋለን" አለው ጎይኮ አፍንጫውን እየጠረገ። "መጀመሪያ እምቢ ማለት ይቻል። ማቆም የማይችል ልጅ እሺ ሲል እሺ ማለቱን በምን አውቃለሁ?"

ራስትኮ ጩኸቱ ተመለሰ። ስንጠራው መምጣት ተወ። መዳፌን ዘርግቼ "ና" ስለው ክዳኑን ያሾራል። እማማ ዴሳንካ "ልጁ ተበላሸ" ብለው አለቀሱ። እኔም ተበላሸ ብዬ አምን ነበር። የትምህርት ቤት ምዝገባ የሚጀመረው በፋሲካ ማግስት ነው። ጋሼ ስሬተን የጩኸቱን ወሬ ሰምተው በትንሣኤ ዕለት እንደሚመጡ፣ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚያዩት ለአባቴ ነግረውታል። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ጺሙን ተላጨ። "ያስና፣ ዛሬን ብቻ" አላት። "ዛሬን ብቻ ይሳምላቸው።"

ጋሼ ስሬተን ቀይ እንቁላል ይዘው መጡ። "ክርስቶስ ተነሥቷል" ብለው እያንዳንዳችንን ሦስት ሦስት ጊዜ ሳሙን። ከዚያ ወደ ምድጃው ሄደው ጎንበስ አሉ። እኔ "ሳም፣ ሳም፣ ሳም" እላለሁ በልቤ።

ራስትኮ ከክዳኖቹ ቀና አለ። እጁን አነሣ። መዳፉ የጋሼ ስሬተን አፍንጫ ላይ ልጥፍ አለ።

"እምቢ" አለ።

የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ሸካራ ነበር፣ ጥቅም ላይ ያልዋለ ድምፅ።

ጋሼ ስሬተን ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ፊታቸው እንደ እንቁላሉ ቀልቷል። "ሚሎራድ፣ አየኸው? እንዲህ ያለ ልጅ እንዴት አድርጌ ክፍል አስገባለሁ?"

አባቴ ግን እሳቸውን እያያቸው አልነበረም። "ተናገረ" አለ። "ጋሼ ስሬተን፣ ልጄ ተናገረ።" ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እናቴ ሮጣ ራስትኮ ፊት ተንበረከከች። ፊቷ በእንባ ታጥቧል፤ አፏ ይስቃል። ክንዷን ከፍታ ልትስመው ጎንበስ አለች። መዳፉ እንደገና ተነሣ፤ አሁን የእናቴ ከንፈር ላይ ነው ያረፈው።

"እምቢ።"

እኔ ትምህርት ቤቱንም አጣ፣ እናቱንም አስቀየመ፣ አለቀለት ብዬ አሰብኩ። የእናቴ ክንዶች አየር ላይ ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብላ ሰበሰበቻቸውና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻቸው።

"እሺ" አለች። "እሺ፣ የኔ ጌታ። አልስምህም።"

በዚያ ዓመት ራስትኮ ትምህርት ቤት አልገባም። በሚቀጥለው ዓመት ወንዙን ተሻግሮ ያለ፣ ረዳት መምህር የሚመደብለት ሌላ ትምህርት ቤት ተቀበለው። ጋሼ ስሬተን ለሁለት ዝክር አኮረፉን። ወንድሜ አሁን ሠላሳ ሊሞላው ነው። እናቴ ከዚያ ትንሣኤ ወዲህ አንድም ቀን ሳትጠይቅ ስማው አታውቅም። በየጠዋቱ ሥራ ሊሄድ ሲል ጉንጯን አቅርባ "ልሳምህ?" ትለዋለች፤ እሱም አስቦበት መልሱን ይሰጣታል። ብዙውን ጊዜ እምቢ ነው።